«ከመቼ ጀምሮ?»፦ የታማሚ ቃልና የሐኪም ጽሑፍ በኢትዮጵያ

(በመቐለ፣ ቀዳማይ ወያነ የቀረበ ሕዝባዊ ንግግር የጽሑፍ ግልባጭ)



ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች የመጡ እንግዶች በመካከላችን ስላሉ ንግግሬን በአማርኛ እንዳደርግ ተጠይቄያለሁ። እኔ የታሪክ መምህር እንጂ ሐኪም አይደለሁም። በሕክምና ባለሙያዎች ፊት ቆሜ ስለ ሕክምና ለመናገር የደፈርሁት ሁለቱ ሙያዎቻችን አንድ ቃል ስለሚጋሩ ነው። የሕክምና ተማሪዎች ማታ ማታ ዋርድ ገብተው «ሂስትሪ» ይወስዳሉ። እኛም በቤተ መዛግብትና በየገጠሩ የምንፈልገው ይህንኑ ነው። ታሪክ የሚወሰደው ከማን ነው? ሲጻፍስ ምን ይሆናል? የዛሬው ጥያቄዬ ይህ ነው።

ከቆምንበት ቦታ ልጀምር። ይህ ክፍለ ከተማ ቀዳማይ ወያነ ይባላል። ስሙ በ1935 ዓ.ም. በትግራይ የተነሣውን ዐመፅ ያስታውሳል። ሆኖም በዚያ ዓመት መሣሪያ ያነሡ ገበሬዎች እንቅስቃሴያቸውን «ቀዳማይ» ብለው አልጠሩትም፤ ሊጠሩትም አይችሉም ነበር። አንድ ነገር «የመጀመሪያ» የሚባለው ሁለተኛው ከመጣ በኋላ ነውና። መነሻ የሚባለው ነገር ሁልጊዜ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚወሰን ነው፤ የሚወስነውም ተራኪው ነው። ሐኪም ለታማሚው «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሳያውቀው የታሪክ ጸሐፊን ከባድ ጥያቄ እየጠየቀ ነው።

ይህን ያስተዋልሁት በመጽሐፍ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእናቴን እኅት፣ የራያ ሰው የሆኑትን አክስቴን፣ ስሙን ወደማልጠራው ሆስፒታል ይዤ ሄድሁ። ካርድ አውጥተን፣ ወረፋ ጠብቀን ገባን። ወጣቷ ሐኪም ትሑት ነበረች፤ በር ላይ ግን ከአርባ የማያንስ ሰው ይጠብቃታል።

«ማዘር፣ ምንዎን ነው የሚያመዎት?»

«ሆዴን ነው ልጄ፤ አንጀቴ አርሯል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ልጄ ከቀረ ወዲህ።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞር ብላ «ስንት ጊዜ ይሆናል?» አለችኝ። በልቤ ቆጥሬ «ስምንት ወር ገደማ» አልኋት። ጻፈች። ወደ ላቦራቶሪ ስንሄድ በእጄ የያዝሁትን ወረቀት አነበብሁት። በእንግሊዝኛ የተጻፈው አንድ መስመር ሲተረጎም «ለስምንት ወራት የቆየ፣ የሚያቃጥል የላይኛው ሆድ ሕመም» የሚል ነው። የጨጓራ መድኃኒት ታዘዘላቸው። መድኃኒቱ አንዳንድ ሌሊት አሳርፏቸዋል፤ ስለዚህ ሐኪሟ ተሳስታለች አልልም። ነገር ግን አክስቴ ያሉትና የተጻፈው አንድ አይደለም። «ቀረ» ማለት ሞተ ማለት አይደለም፤ ይመለሳል ማለትም አይደለም። «አንጀቴ አረረ» የሚል ሰውም ስለ ጨጓራው ብቻ አይናገርም። ስምንት ወር የሚለውን ቁጥር ደግሞ የሰጠሁት እኔ ነኝ። በሙያዬ የምናገረውን የሰው ምስክርነት፣ ለወረፋው ስል በቁጥር ለውጬ አስረከብሁ።

እንግዲህ የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ በአገራችን የሕክምና ማኅደር ውስጥ የታማሚው ሕመም ይገኛል፤ የታማሚው ቃል ግን አይገኝም። ይህ የአንድ ሐኪም ጥፋት ሳይሆን ረጅም ታሪክ ያለው ጉዳይ ነው።

ታማሚን መጠየቅ እንደ ጥበብ የተቆጠረው ከጥንት ነው። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የኤፌሶኑ ሩፎስ ታማሚን ስለ መጠየቅ ብቻ የሚናገር መጽሐፍ በግሪክኛ ጽፏል። ሐኪሙ ከመልሱ ይዘት ባሻገር ከአመላለሱም የሰውየውን አእምሮና ብርታት እንደሚረዳ ያስተምራል። በአውሮፓ ይህ የጆሮ ሥልጣን እየቀነሰ የሄደው ዘግይቶ ነው። ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 በፓሪስ የልብና የሳንባን ድምፅ ማዳመጫ ከሠራ በኋላ፣ ሐኪሙ ታማሚው የሚለውን ብቻ ሳይሆን ደረቱ የሚለውን መስማት ቻለ። ትልቅ እመርታ ነበር። ዋጋውም ነበረው፤ ሰውየው ዝም ቢልም አካሉ ይናገራል የሚል እምነት ሥር ሰደደ።

በእኛ ዘንድ የጽሑፍ ቅርሱ ሌላ መልክ ነበረው። ፖላንዳዊው ሊቅ ስቴፋን ስትሬልሲን ያጠኗቸውን ዓይነት የመድኃኒት መጻሕፍት ስንመለከት፣ የበሽታው ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ ሥሩ፣ ቅጠሉና አሰጣጡ ይዘረዘራል። በሽታ አለ፤ በሽተኛ የለም። በአንገት የሚንጠለጠለውን የብራና ክታብ ብንፈታ ደግሞ የክርስትና ስም እናገኛለን። ሰው አለ፤ የሕመሙ ትረካ ግን የለም። የሕመም ትረካ የምናገኘው ባልጠበቅነው ስፍራ ነው፤ በተአምረ ማርያምና በገድላት ውስጥ። እዚያ የታመመው ሰው ማን እንደሆነ፣ ምን እንዳገኘው፣ ስንት ዘመን እንደተሠቃየና እንዴት እንደዳነ ይተረካል። ሦስቱ፣ መድኃኒቱ፣ ስሙና ትረካው፣ በሦስት የተለያዩ መጻሕፍት ተቀምጠው ኖረዋል። በአንድ ወረቀት ላይ መገናኘት የሚችሉት ዘመናዊው ካርድ ሲመጣ ነበር።

ካርዱ ግን ከውጭ ቋንቋ ጋር መጣ። ከዓድዋ ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1896፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ልዑክ ቁስለኞችን ለማከም ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ጆርጂያዊው ሐኪም ሜራብ በአዲስ አበባ መድኃኒት ቤት ከፍተው ስለ ኢትዮጵያ ሕክምና የጻፉት በፈረንሳይኛ ነው። ሰሚው ሐኪምና ተናጋሪው ታማሚ በአስተርጓሚ ይገናኙ ነበር፤ ጽሑፉ ወደ ሐኪሙ ቋንቋ ሲሻገር የአስተርጓሚው ሥራ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ።

የዚህ ዘመን ታላቅ ምሳሌ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ውጊያ በኋላ በልጅነታቸው በእንግሊዞች ተወስደው በህንድ አደጉ፤ በላሆር ሕክምና ተማሩ፤ ቻርለስ ማርቲን ተባሉ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ወደ አገራቸው ሲመለሱ የልጅነት ቋንቋቸውን ረስተው ነበር። ቤተሰባቸው ያወቃቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረ ጠባሳ እንደሆነ ይተረካል። በዘመናዊ ሕክምና የሠለጠኑት የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ፣ ታሪካቸውን በአፋቸው መናገር ተስኗቸው በአካላቸው ተነበቡ። ለዓመታት የያዙትን የዕለት ማስታወሻ የጻፉትም በእንግሊዝኛ ነው። ይህን የማነሣው ለመውቀስ አይደለም። የሙያው ቋንቋና የታማሚው ቋንቋ መለያየት ከመነሻው በአንድ ሰው ሕይወት ውስጥ ሳይቀር እንደነበረ ለማሳየት ነው።

ትምህርቱ ወደ አገር ውስጥ ሲገባ መለያየቱ ተቋም ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1953 በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። በ1964 ደግሞ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ፋኩልቲ ተመሠረተ። ትምህርቱም ካርዱም እንግሊዝኛ ሆነ። ተማሪው እስከ ዛሬ የሚያጠናው ቅደም ተከተል የታወቀ ነው፦ ታማሚውን ያመጣው ዋና ሕመም፣ የአሁኑ ሕመም ታሪክ፣ ያለፉ ሕመሞች፣ የቤተሰብና የማኅበራዊ ኑሮ ታሪክ፣ በመጨረሻም በየአካል ክፍሉ የሚጠየቅ ዝርዝር። ስለ ዋናው ሕመም የሚሰጠው መመሪያ ግልጽ ነው፤ «በታማሚው በራሱ አነጋገር ጻፍ» ይላል። ልብ በሉ! ታማሚው የተናገረው በትግርኛ፣ በአማርኛ ወይም በዓፋርኛ ነው፤ «በራሱ አነጋገር» ተብሎ የሚጻፈው ግን በእንግሊዝኛ ነው። ተማሪዎቻችን ይህን በየቀኑ ይፈጽማሉ፤ ተቃርኖው ግን ከልማድ ብዛት አይታየንም። በታሪክ ሙያ መሠረታዊው ሰነድ ጠፍቶ ትርጉሙ ብቻ ሲቀር ጉዳት ይባላል። እዚህ ግን መሠረታዊው ሰነድ ከነጭራሹ አልተጻፈም።

የወረቀቱ ቅርጽም የራሱ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1907 ሄንሪ ፕላመር በአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ለእያንዳንዱ ታማሚ አንድ ቁጥርና አንድ ማኅደር እንዲኖረው አደረጉ፤ ዛሬ በካርድ ክፍል መስኮት የምንጠየቀው ቁጥር የዚያ አሠራር ዘመድ ነው። በ1968 ላውረንስ ዊድ የሕክምና ማስታወሻን በችግሮች ዝርዝር እንዲደራጅ ሐሳብ አቀረቡ። በእርሳቸው ሥርዓት ታማሚው የሚለው «ግላዊ»፣ ሐኪሙ የሚያየውና የሚለካው «ተጨባጭ» በሚሉ ሁለት ክፍሎች ተለየ። ጠቃሚ ሥርዓት ነው። ነገር ግን ቃላት ማዕረግ አላቸው፤ «ግላዊ» የተባለ ነገር «ተጨባጭ» ከተባለው በታች መቀመጡ አይቀርም።

የምርምር ማስረጃው ግን ይህን ማዕረግ አይደግፍም። እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ ሃምፕተንና ባልደረቦቻቸው አዲስ የመጡ 80 ተመላላሽ ታማሚዎችን አጠኑ። በ66ቱ ላይ የመጨረሻው የበሽታ ውሳኔ ከታሪኩ ብቻ ከተደረሰበት ጋር ተስማማ፤ አካላዊ ምርመራው ውሳኔውን የለወጠው በ7ቱ፣ ላቦራቶሪው በ7ቱ ላይ ነው። በ1984 ደግሞ ቤክማንና ፍራንክል በአሜሪካ 74 የሕክምና ጉብኝቶችን ቀርጸው መረመሩ። ሐኪሞቹ ታማሚውን በአማካይ በ18 ሰከንድ ውስጥ ያቋርጡት ነበር፤ የመክፈቻ ቃሉን የጨረሰው በ17ቱ ጉብኝቶች ብቻ ነው። ቁጥሮቹ የሌላ አገርና የሌላ ዘመን ቢሆኑም ትምህርታቸው ቀላል ነው፤ ከመሣሪያዎች ሁሉ ርካሹና ኃያሉ ታሪኩ ነው። ዕቃ በሚያጥርበት አገር ይህን ማባከን ድርብ ድህነት ነው።

አሁን ወደ ጊዜ ልመለስ፤ «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ጥያቄ በእኛ አገር ከሌላው ይልቅ ይወሳሰባልና። ሐኪሙ የሚጽፈው ብዙውን ጊዜ በአውሮፓውያን ቀን ነው፤ ታማሚው የሚቆጥረው በኢትዮጵያ ነው። «መድኃኒቱን በሦስት ሰዓት ወሰድሁ» ያለ ሰው በሐኪሙ ሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ማለቱ ነው። አረጋውያን ደግሞ በዓመት ቁጥር አይናገሩም። «በ77ቱ ድርቅ»፣ «ደርግ ሲወድቅ»፣ «በዘመነ ማርቆስ» ይላሉ። ይህ አላዋቂነት አይደለም፤ የጊዜ አቆጣጠር ዘዴ ነው። የሥነ ሕዝብ ተመራማሪዎች የልደትንና የሞትን ዘመን ለማወቅ የድርጊቶች መቁጠሪያ አዘጋጅተው መጠየቃቸው ዋጋውን ስለሚያውቁ ነው። ድርጊቱን ጥሎ ቁጥሩን ብቻ የሚጽፍ ሐኪም ግን ብዙ ጊዜ ቀኑን ያገኝና ምክንያቱን ያጣል። የአክስቴን «ልጄ ከቀረ ወዲህ» አስቡ፤ በአንዲት ሐረግ ውስጥ የሕመሙ ጊዜም፣ ምናልባትም ሥሩ አብረው ነበሩ።

የሥነ አእምሮ ባለሙያዎች ይህን ቀድመው ተረድተዋል። በእስራኤል በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ ጥናት ያደረጉ ተመራማሪዎች፣ የዓለም ጤና ድርጅትን መጠይቅ ተርጉሞ መጠቀም ብቻ እንደማይበቃ አይተው ሕዝቡ ጭንቀቱን የሚገልጽባቸውን የራሱን አባባሎች ጨመሩበት። መጠይቁ ሊሰማቸው የማይችላቸው ሕመሞች በሕዝቡ አባባል ውስጥ ነበሩ።

ይህ ሁሉ የቅንጦት ጥያቄ ሊመስል ይችላል። እንዳልሆነ ያሳየን የቅርቡ ዘመን ነው። ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ ድንበር የለሽ ሐኪሞች የተባለው ድርጅት በትግራይ 106 የጤና ተቋማትን ጎብኝቶ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ፣ ወደ 70 በመቶ የሚጠጉት እንደተዘረፉና በሙሉ አቅማቸው የሚሠሩት 13 በመቶ ብቻ እንደነበሩ አስታወቀ። በደብረ ዓባይና በማይ ኩሕሊ ጤና ጣቢያዎች የታማሚዎች ማኅደር ከመድኃኒት ጋር ወለል ላይ ተበትኖ መገኘቱን ያው መግለጫ መዝግቧል። ስለ ዕቃውና ስለ መድኃኒቱ ብዙ ተብሏል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን እንደ ታሪክ ሰው ዓይኔ የሚያርፈው በተበተነው ወረቀት ላይ ነው። የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና የሚከታተል ሰው ማኅደሩ ሲጠፋ፣ የቀረው መዝገብ እርሱ ራሱ ነው። «ጠዋት ጠዋት አንዲት ነጭ ክኒን ነበረች» የሚለው ቃሉ የመጨረሻው ማኅደር ይሆናል።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይከተላል። ለዓመታት በማያነበው ቋንቋ ስለ ራሱ ሲጻፍበት የኖረ፣ የተጻፈው ተነቦለት የማያውቅ ሰው፣ ማኅደሩ ሲቃጠል ታሪኩን ከየት ያመጣዋል? ወረቀቱን ከሰውየው የለየን እኛ ነን። ወረቀቱ ሲጠፋ ሁለቱም ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

ኮምፒዩተር ይህን ይፈታዋል የሚል ተስፋ አለ። ስማርት ኬር የተባለው የኤሌክትሮኒክ ማኅደር በዚህችው ከተማ በዓይደር ሆስፒታል ሥራ ላይ ውሎ ነበር። ማኅደርን ከእሳት ለማዳንና ከሆስፒታል ሆስፒታል ለማሻገር ኤሌክትሮኒክ መዝገብ አስፈላጊ መሆኑን አልጠራጠርም። ነገር ግን በተዘጋጁ አማራጮች ላይ ምልክት የሚደረግበት ገጽ «አንጀቴ አረረ» የሚል ሳጥን የለውም። መብራትና ኔትወርክ በተቋረጡባቸው ዓመታትም ሥራው ወደ ብዕርና ወደ ጆሮ ተመልሷል።

ሊነሡብኝ የሚችሉትን ተቃውሞዎች አውቃለሁ። አንደኛው፣ እንግሊዝኛ የጋራ ድልድይ ነው የሚል ነው። ዓይደር ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የትግራይን፣ የዓፋርንና የሰሜን ምሥራቅ አማራን ታማሚዎች ይቀበላል። ከአብዓላ የመጣ ዓፋር በትግርኛ ተናጋሪ ሐኪም ታክሞ ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ሲጻፍለት፣ ሁሉም የሚያነበው ቋንቋ ያስፈልጋል። እቀበላለሁ። ሁለተኛው ጊዜ ነው። አርባ ሰው በር ላይ ቆሞ ድርሰት አይጻፍም። ይህንንም እቀበላለሁ። ስለዚህ የምጠይቀው ትንሽ ነገር ነው፤ ከእንግሊዝኛው ጎን ሦስት ነገሮች ይታከሉ።

አንደኛ፣ የታማሚው የመክፈቻ ዓረፍተ ነገር በራሱ ቋንቋ ይጻፍ። አንዲት መስመር ናት፤ ትግርኛውም አማርኛውም በፊደላችን፣ ዓፋርኛው በላቲን ፊደል። በአስተርጓሚ ወይም በአስታማሚ በኩል የተነገረ ከሆነም ይህ ይጠቀስ። ለጤና ኬላዎች የተዘጋጀው የቤተሰብ ማኅደር በአካባቢ ቋንቋ መሞላቱ ነገሩ እንደሚቻል ያሳያል።

ሁለተኛ፣ ከቀኑ ጋር ድርጊቱ ይጻፍ። «ስምንት ወር» ብቻ ሳይሆን «ስምንት ወር፤ ልጃቸው ከቀረ ወዲህ»።

ሦስተኛ፣ የተጻፈው ለታማሚው ይነበብለት። በአማርኛ «ታሪክ መውሰድ» የሚል ነባር አነጋገር የለንም፤ ያለን «ቃል መቀበል» ነው። ቃል የሚቀበለው ፖሊስና ፍርድ ቤት ነው። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ በቃል የቀረበ አቤቱታ በጽሑፍ ከሰፈረ በኋላ ለአቤቱታ አቅራቢው ተነቦለት እንዲፈርም ያዝዛል። በግ የተሰረቀበት ሰው የሰጠው ቃል ይነበብለታል፤ ሰውነቱን የታመመ ሰው የሰጠው ቃል ግን አይነበብለትም። «እንዲህ ነው ያሉኝ እማማ? የተውሁት አለ?» ለማለት ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። ሐኪሙ ስህተቱን የሚያገኘውም፣ ታማሚው ታሪኩን በራሱ ዘንድ የሚያስቀምጠውም በዚያች ግማሽ ደቂቃ ነው።

የታሪክ ተማሪዎችንም አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ከመቶ ዓመት በኋላ ስለዚህ ዘመን የሚጽፍ ሰው የሆስፒታል መዛግብትን ይከፍታል። ስንት ሰው በምን እንደታመመ ያገኛል። ሰዎቹ ስለ ሕመማቸው ምን እንዳሉ ግን፣ ዛሬ እኛ ካልጻፍነው፣ የትም አያገኝም። ተአምረ ማርያምን የጻፉ ደብተራዎች እንኳ የታመመውን ሰው ትረካ ለማስቀመጥ ብራና አልነፈጉም።

አክስቴ ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ልጃቸው ግን አልተመለሰም። ባለፈው ቀጠሯቸው አብሬያቸው ገባሁ። ሐኪሙ ሌላ ነበር። «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ብሎ ሲጠይቅ እንደ ልማዱ ወደ እኔ ተመለከተ። በዚህ ጊዜ ቁጥር አልሰጠሁም። «እርሳቸው ይንገሩህ» አልሁት። ብዕሩን አስቀምጦ ወደ እርሳቸው ዞረ።